ለሊስትሮ ልጆች ፊልም ልናሳይ ነው፤ የቱን እናሳያቸው?

የመንደራው · ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ጅማዎች። ሰላም ሌሎቻችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ፕሮጀክተር ተውሰናል። ለቅዳሜ ከሰዓት አንድ አዳራሽ ተፈቅዶልናል። አጂፕ አካባቢና መናኸሪያው በር ላይ ጫማ የሚጠርጉ፣ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ ልጆችን ሰብስበን ፊልም ልናሳይ ነው። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትልቁ አሥራ አምስት ነኝ ይላል፤ ጢሙ ግን ሌላ ይናገራል።

እኔም ሊስትሮ ነበርኩ። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ በፈረቃዬ ተቃራኒ፣ ሣጥኔን ይዤ ከመንደራ እስከ ፈረንጅ አራዳ እዞር ነበር። የሠራሁትን ለእናቴ እሰጣለሁ። የምደብቃት ሃምሳ ሳንቲም ግን ነበረች። እሷ የቪዲዮ ቤት ናት። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን፣ የህንድ አይተን እናለቅሳለን። የቻይና ያየን ቀን ደግሞ ስንወጣ በሩ ላይ እንራገጣለን።

አንድ ነገር ያኔም ይገርመኝ ነበር። ፊልም ላይ ደሃ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይሮጣል። ሲሮጥ እግሩን ብቻ ያሳዩናል፣ ትንሹ እግር እየሮጠ የትልቅ ሰው እግር ይሆናል፣ ካሜራው ቀና ሲል ጡንቸኛ ጎረምሳ ነው። በሦስት ሰከንድ አደገ! ሁለተኛው ይሞትና ያስለቅሰናል።

ሂሳብ የሚሠራ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ላይ ነበርን። ቀለሙ ለስንት ጫማ ይበቃል? ዝናብ ከጣለ ጭቃ ስለሆነ ይበዛል ወይስ ሰው ከቤቱ አይወጣም? አሁን ዳቦ ከገዛሁ ነገ ለጥቁር ቀለም ይጎድለኛል ወይ? ሰውየው ሁለተኛ እግሩን ሳያስጠርግ ታክሲ መጣ ብሎ ቢሮጥስ? (ደርሶብኛል። ግማሹን እንኳ አልከፈለኝም።) በረሃብ ያለቀስኩበትን ቀን አላስታውስም፤ እንዲህ ስደምርና ስቀንስ የዋልኩበትን ግን ትናንት ይመስል አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ያን ሂሳብ የሚያሳይ፣ ልጆቹን የማያሳፍር፣ ቢቻል የሚያስቅ ፊልም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ቋንቋው ምንም ይሁን። እዚያው ቆመን እንተረጉማለን።

ጆኒ ባጃጅ · ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ወንድሜ፣ ጃኪ ቻን አሳያቸውና ተገላገል። ድህነት ለማየት ፕሮጀክተር ምን ያደርጋል? የአዳራሹን በር ክፈትላቸው፣ በነፃ ይታያል።

የመንደራው · ሰኞ፣ ማታ 2፡33

ጆኒ ሃሃ። የጃኪም ተራ ይደርሳል።

ቶላ ከኪቶ · ሰኞ፣ ማታ 4፡02

የመንደራው፣ የምትለው ልጅ አለልህ። ስሙ ብሩኖ ነው። ‹የብስክሌት ሌቦች›፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው የጣሊያን ፊልም። ከጦርነቱ በኋላ፣ ሮም። አባትየው ሥራ ፈትቶ ከርሞ ግድግዳ ላይ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ብስክሌት ያለው ሰው ይፈልጋል። የእሱ ደግሞ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ አባትና ልጅ ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ፤ ፊልሙ ይኸው ነው።

መሃል ላይ አባትየው ‹የመጣው ይምጣ› ይልና ልጁን ምግብ ቤት ይዞት ይገባል። ጎናቸው የሀብታም ቤተሰብ አለ። ፀጉሩ በደንብ የተበጠረ አንድ ልጅ በሹካና በቢላ ይበላል። ብሩኖ ሹካው አልሆን ሲለው በእጁ ያነሳል። ዳቦው ውስጥ ያለው አይብ ይለጠጣል፣ አይበጠስም፣ እሱ ግን ዓይኑን ከልጁ ላይ አልነቀለም። አባትየው ‹እንደነሱ ለመብላት በወር ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ያስፈልጋል› ሲለው ቁራሹን ወደ ሳህኑ መለስ ያደርጋል። ቀጥሎ አባትየው እርሳስና ወረቀት ይሰጠውና ያስደምረዋል። ይህን ያህል ደመወዝ። ይህን ያህል ትርፍ ሰዓት። የቤተሰብ አበል። የሚደምሩት ከእጃቸው የወጣውን ደመወዝ ነው። አንተ ያልከው ሂሳብ ይኸው አይደል?

ስለ ሊስትሮ በቀጥታ ከፈለግህ ደግሞ ዴ ሲካ ከዚያ በፊት፣ በ1946፣ ‹ሹሻ› የሚል ሠርቷል። ሁለት የሮም ሊስትሮዎች ናቸው፤ ፈረስ ለመግዛት ብር ያጠራቅማሉ። ዳቦም አይደለም ልብስም አይደለም፣ ፈረስ! ስሙ ራሱ ደስ ይላል። ‹ሹሻ› የአሜሪካ ወታደሮች ጫማ መጥረግን የሚጠሩበት ቃል በጣሊያን ልጆች አፍ ተበላሽቶ የወጣ ነው። ጣሊያን ስሙን ከአሜሪካ ወሰደ። እኛ ደግሞ ‹ሊስትሮ›ን ከጣሊያን ወሰድን። መጨረሻው ግን ከባድ ነው። የልጆች እስር ቤት ይገባሉ፣ አንዱ ይሞታል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አላሳይም።

የመንደራው · ሰኞ፣ ማታ 4፡20

አንሶላዋ ነካችኝ። እናቴ አንድ ክረምት ጋቢዋን አስይዛ ነበር። ጋቢው ሲመለስ የሌላ ሰው ቤት ሽታ ነበረው።

ግን ብስክሌቱ ሳይገኝ ነው የሚያልቀው አይደል? ልጆቹ አዳራሹን ያፈርሱብናል።

ሰሊ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

ሐሳባችሁን አልቃወምም። አንድ ነገር ግን ልበል። ድህነትን የሚያሳየን ማን ነው? ለማንስ ነው የሚያሳየው? ‹ስላምዶግ ሚሊየነር› እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንት ኦስካር ወሰደ። ከሙምባይ የድሃ ሰፈር የተመረጡት ሁለቱ ሕፃናት ተዋንያን ቀይ ምንጣፍ ረግጠው ወደዚያው ሰፈር ተመለሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቤታቸው ፈረሰ። ለትምህርታቸውና ለመኖሪያቸው ፈንድ ተቋቁሞላቸዋል፣ እሱን አልክድም። ግን ልጁ እዚያው ላስቲክ ቤት እያለ ነው ዓለም ‹ወይ ተስፋ!› ብሎ ያጨበጨበው።

ለድሃ ልጅ የድሃ ልጅ ፊልም ማሳየት መስታወት ይዞ ፊቱ ላይ መቆም ነው። እሱ መልኩን ያውቀዋል።

ዝም ያለው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡55

ሰሊ ትክክል ነሽ። እኔ እዚህ ጽፌ አላውቅም፣ አነባለሁ ብቻ። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ካሜራ የያዙ ሰዎች ሰፈራችን ይመጣሉ ተባለ። ከየት እንደሆኑ አልናገርም፣ ጉዳዩም እሱ አይደለም። እናቴ ከጎረቤት ተበድራ ኮንጎ ጫማ ገዛችልኝ። አዲስ፣ ጥቁር፣ እግሬን የሚልጥ። ፊቴን በቅባት አበሰችኝ። ‹ሰው ፊት ስትቆም ሰው ምሰል› አለችኝ።

ሰዎቹ መጡ። ሴትየዋ አየችኝና ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ‹አንተ፣ ጫማህን አውልቅ› አለኝ። አወለቅኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ፎቶውን አነሱ፣ ብስኩት ሰጡኝ፣ ሄዱ። እናቴ ጫማውን ከመሬት አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። ምንም አላለችም።

ፎቶው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ባዶ እግሩን የቆመ የጅማ ልጅ። ጫማ እንደነበረው የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ጆኒ ባጃጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡01

ወይኔ። የኔን ቀልድ እርሱት።

መምህር ከቦሳ · ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዝም ያለው፣ አይዞህ ልጄ። እናትህ ካለች እጇን ሳምልኝ።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ፊልም ብዙ አላውቅም። አንድ ግን ልጄ አሳይታኝ ሁለት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። የኢራን ነው፣ ‹የሰማይ ልጆች› ማለት ነው ብላኛለች። ማጂድ ማጂዲ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው።

አሊ የሚባል ልጅ የእህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ድንች ሊገዛ ይቆማል። ያስቀመጠውን ጫማ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሰው ሳያውቅ ይዞት ይሄዳል። እህቱ ዛህራ ሌላ ጫማ የላትም። ለአባታቸው እንዳይናገሩ ቤቱን ያውቁታል፤ የኪራይ ውዝፍ አለ፣ እናት ታማለች። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? የእሱን ሸራ ጫማ ይጋራሉ። እሷ የጠዋት ፈረቃ ናት፣ እሱ የከሰዓት። እሷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ እሱ መንገድ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይጠብቃታል፣ ይቀያየራሉ፣ እሱ እየሮጠ ይሄዳል። ይረፍድበታል። ዳይሬክተሩ በር ላይ ይይዘዋል።

ፈረንጅ ‹እንዴት አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት ይማራል?› ሳይል አይቀርም። ለኛ ልጅ ፈረቃን ማን ያስረዳዋል?

ይህን ስመለከት የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ የጠዋት ፈረቃ ልጅ ነበረኝ፣ ክረምት ከበጋ የዩኒፎርም ሹራቡን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፎ ነው የሚለብሰው። ከሰዓት የማስተምራት አንዲት ልጅ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ሹራብ ትለብሳለች፤ እሷን ልክክ ይላታል። እጅጌው ላይ ግን የእጥፋቱ ምልክት አለ። ለካ ወንድምና እህት ናቸው። አንድ ሹራብ። በር ላይ ነው የሚቀያየሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ልጁን ‹ደወል ሳይደወል ለምን ወጣህ› ብዬ ሁለት ጊዜ ቀጥቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰሊ · ማክሰኞ፣ 9፡10

መምህር፣ ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ደስ ይላል። ግን ማር የተቀባ ድህነት አይመስልዎትም? ሁሉም ሰው ደግ ነው። አባትየው ጨዋ፣ ልጆቹ ጨዋ፣ ጫማውን ያገኘችው ልጅ እንኳ ሲከተሏት አባቷ ዓይነ ስውር ሆኖ ይገኛል። የሚማታ፣ የሚሳደብ፣ ማስቲሽ የሚስብ የለም። እስቲ መናኸሪያው ጋ በማታ ይሂዱ።

መምህር ከቦሳ · ማክሰኞ፣ 10፡25

እውነትሽን ነው ልጄ፣ ማር አለበት። ግን ያቺን የዓይነ ስውሩን ቦታ ደግመሽ ተመልከቺ። አሊና ዛህራ ጫማችንን አምጪ ሊሉ ነው የሄዱት። ጥግ ላይ ቆመው ሰውየው ሲወጣ ያያሉ። ይተያያሉ። ይመለሳሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። እኔ ያን ደግነት ብቻ ብዬ አላልፈውም። ሂሳብ ሠርተው ነው የተመለሱት። ‹ከኛ የባሰ አለ› የሚል ሂሳብ። ደሃ ሰፈር ያደገ ያውቀዋል።

ስኳሩም አለ። አባትየው ለመስጊድ ትልቅ ትልቅ ስኳር ይሰብራል፣ ክምር ስኳር ፊቱ ተዘርግቷል። ሻይ ሲመጣለት ልጁን ስኳር አምጪ ይላታል። ‹ያው አይደል ፊትህ› ትለዋለች። ‹ይሄ የመስጊድ ነው› ይላታል።

ኡሙ ረያን · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48

እኔ ቤይሩት አራት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። የጅማ ልጅ ነኝ።

‹ቅፍርናሆም›ን ያነሳ የለም? የሊባኖሷ ናዲን ላባኪ እ.ኤ.አ. በ2018 የሠራችው። ዘይን የሚባል አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ‹ለምን ወለዳችሁኝ› ብሎ ወላጆቹን ይከሳል። ልጁ በእውነትም የሶርያ ስደተኛ ነበር፤ በኋላ ቤተሰቡ ኖርዌይ ገባ። ግን እኔ ላወራ የመጣሁት ስለ ራሔል ነው። የኛዋ ልጅ ናት። ዮርዳኖስ ሽፈራው ነች የምትጫወታት። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ፣ ‹ትዕግሥት› በሚል የሰው ስም በሐሰት መታወቂያ የምትኖር፣ ሕፃኗን የምትደብቅ።

ሥራ ቦታ ሕፃኑን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትደብቀዋለች። ቶሎ ቶሎ ትሄድና ታጠባዋለች። እኔ እዚያ ላይ አቆምኩት። መቀጠል አልቻልኩም። እኔ ልጅ አልነበረኝም፣ አብራኝ ክፍል የተጋራችው ልጅ ግን ነበራት። ሁላችንም በየተራ እንደብቅላት ነበር። ሕፃን ማልቀስ ሲጀምር አፉን በእጅ መያዝ ምን እንደሆነ ያላየው አይገባውም።

ከአንድ ወር በኋላ ጨረስኩት። እሷ ስትታሰር ሕፃኑ ከዘይን ጋር ይቀራል። ልጅ ለልጅ እናት ይሆናል። ድስት ስኬትቦርድ ላይ አስሮ፣ ሕፃኑን ድስቱ ውስጥ አስቀምጦ በመንገድ ይጎትተዋል። ሰው ያያል፣ ያልፋል።

ሰሊ እህቴ፣ መስታወት ያልሽው ገብቶኛል። ግን እኔ ያቺን ሴት አማርኛ ስትናገር ስሰማ እፍረት አልተሰማኝም። ‹ለካ አይተውናል› ነው ያልኩት።

ለትንንሾቹ ግን አታሳዩ። ለእናቶቻቸው አሳዩ። ለሚሄዱት ልጆች አሳዩ።

ቶላ ከኪቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ኡሙ ረያን፣ አመሰግናለሁ። ላባኪ ራሷ ተናግራዋለች፤ ዮርዳኖስ ቀረጻው እየተካሄደ ሳለ ወረቀት የላትም ተብላ በእውነት ታስራለች። ልክ ፊልሙ ላይ እንዳለው።

ሰሊ ላነሳችውም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ‹ሰላም ቦምቤይ›፣ እ.ኤ.አ. 1988፣ ሚራ ናየር። ልጁ ወደ ቤቱ ለመመለስ አምስት መቶ ሩፒ ያስፈልገዋል። አምስት መቶ፣ ሌላ ምንም የለም። ሻይ ያመላልሳል፣ ያጠራቅማል፣ ይሰረቃል። ተዋንያኑ የጎዳና ልጆች ነበሩ። ከፊልሙ በኋላ ናየር ለጎዳና ልጆች የሚሠራ ‹ሰላም ባላክ› የሚባል ድርጅት እንዲቋቋም አደረገች፤ ዛሬም አለ። ዋናው ልጅ ግን የሀገሩን ብሔራዊ የሕፃናት ተዋናይ ሽልማት ወስዶ፣ አድጎ፣ ባንጋሎር ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ ተገኘ። ፊልም ሕይወትን ይቀይራል ለሚል ሰው ይህን ንገሩት። አይቀይርም ለሚለውም ድርጅቱን።

ጆኒ ባጃጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡12

ባጃጅ መንዳት ምን አለው?! ተሸልሞም ቢነዳ ክብር ነው። የባንጋሎር ወንድማችንን ሰላም በሉልኝ።

ፒያሳ ነኝ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። ሩቅ ሀገር ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ‹ላምብ› አለ አይደል፣ የያሬድ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱን ያጣ ልጅ ነው። አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቀረው አንድ በግ ነው። አጎትየው በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ እርሻ አይችልም፣ ወጥ መሥራት ግን ይችላል። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ! አጎትየው ያብዳል።

እንደ እውነቱ ከሆነ መልክዓ ምድሩ አንዳንዴ ፊልሙን ይበልጠዋል፣ ቱሪዝም ቢሮ የከፈለበት እስኪመስል። ልጁ ሳምቡሳ ሲሸጥ ግን ሂሳብ ነው።

የመንደራው · ረቡዕ፣ ማታ 1፡05

ሁላችሁንም ሳነብ ዋልኩ። ሱቄ ውስጥ አንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ አድርግልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠራኝ።

ዝም ያለው፣ ያንተን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንዱ ተነስቶ ወጣ። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ፎቶ የሚባል ነገር አይኖርም ተባብለናል። ስልክ ኪስ ውስጥ።

ምርጫው የመምህር ሆነ። ‹የብስክሌት ሌቦች›ን ለራሴ አየሁት፣ ዛሬ ሌሊት። ልጆቹ ይተኙበታል። እኔ ግን አልተኛሁም።

ሰሊ፣ ማሩን በተመለከተ፦ መናኸሪያውን በማታ አውቀዋለሁ፣ አድሬበታለሁም። ለዚያ ልጅ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ባሳየው ምን ጨመርኩለት? ለከንቲባው ልናሳየው ብንሆን ያንቺን እመርጥ ነበር።

ቶላ፣ ኦሮምኛውን አንተ፣ አማርኛውን እኔ። ይመችሃል?

ቶላ ከኪቶ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

እመጣለሁ። ማይክ አያስፈልገኝም፣ ድምፄ የገበያ ነው።

ሰሊ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡44

ይሁን። እኔም እመጣለሁ፣ ቆሎ ይዤ። ልቃወም ከሆነ ፊት ለፊት ልቃወም።

አወያይ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ስለ አዳራሹ ኪራይና ስለ ቀበሌ የተጻፉ ስምንት መልሶች ወደ ሌላ ክር ተወስደዋል። እዚህ ስለ ፊልሙ ብቻ።

የመንደራው · እሑድ፣ ጠዋት 4፡15

ሪፖርት ላቅርብ።

ሠላሳ ብለን አርባ አንድ መጡ። ሣጥናቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ውጭ ተውት ብንል ማን ይሰማል? ልክ ናቸው፣ እኔም አልተውም ነበር። ሣጥኑ ላይ ተቀመጡበት። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፅ የሚባል አይሰማም። ቶላና እኔ ግራና ቀኝ ቆመን እንጮሃለን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ‹ኧረ ዝም በሉ፣ ገብቶናል!› አለን። እውነትም ገብቷቸዋል። ሲያስፈልግ ብቻ ጣል እያደረግን ቀጠልን።

መጀመሪያ ላይ የዛህራ ጫማ ሲሰፋ በቅርብ ያሳያል፣ የሰፊው እጅ፣ ወስፌው። አዳራሹ ጸጥ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ‹ክሩን በሰም አላሸውም፣ ይበጠሳል› አለ። ሌላው ‹ያረጀ ነው፣ ምን ቢሰፋ› አለው። እዚያው ክርክር ተነሳ። ጫማው ሲጠፋ ግን ሁሉም ዝም።

ዛህራ እየሮጠች ሳለ ጫማው ከእግሯ ወልቆ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ይወስደዋል፣ እሷ ትከተለዋለች። እመኑኝ፣ አርባ አንዱም ቆሙ። ‹ያዢው! ያዢው!› በሁለት ቋንቋ። ከአዌቱ ዳር ነው ብዙዎቹ የሚኖሩት፤ ውሃ የወሰደበት ነገር የሌለው የለም።

ስኳሩ ላይ፣ አባትየው ‹የመስጊድ ነው› ከማለቱ በፊት አንድ ትንሽ ልጅ አጠገቡ ላለው ‹ሐራም ነው እኮ› ሲል ሰማሁት። ቀደመው።

አሁን ሩጫው። ሦስተኛ ለወጣ ሸራ ጫማ ይሸለማል። አሊ የሚሮጠው ሦስተኛ ለመሆን ነው። አንደኛ ለመሆን አይደለም። ይህን ስነግራቸው መሳቅ ጀመሩ። ‹ቀስ በል! ቀስ በል!› ይሉታል። ሰው ሲሮጥ ቀስ በል የሚል ደጋፊ አይቼ አላውቅም። በስተመጨረሻ ተገፍቶ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ አንደኛ ይወጣል። መምህሮቹ ተሸክመውት ይጨፍራሉ፣ እሱ ያለቅሳል።

ጸጥታ። ከዚያ ከፊት፣ ያ አሥራ አምስት ነኝ ባይ ጢማሙ፣ ‹ቂል! የአንደኛውን ሽልማት ይሽጥና ጫማ ይግዛ!› አለ። በቃ፣ አዳራሹ ተናወጠ። ሽልማቱ ዋንጫና የካምፕ ሽርሽር ነው ብለን አስረዳን። ‹ሽርሽሩን ለሌላ ልጅ ይሽጥለት፣ በግማሽ።› ‹ዋንጫው ብረት ነው፣ ለቆራሌው ይሸጣል።› ‹በኪሎ ስንት ነው?› ሰሊ ቆሎዋን ይዛ ሳቋ አላቆመም። ሂሳብ ብዬ ነበር እኔ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት የመጨረሻዋን ነው።

አሊ ቤት ይገባል፣ ባዶ እጁን። ዛህራ ታየዋለች፣ ይገባታል፣ ትሄዳለች። እሱ የተላጠ እግሩን ውሃው ገንዳ ውስጥ ይከታል፣ ቀያዮቹ ዓሦች መጥተው ይከቡታል። ያልቃል። መብራቱን አበራን። እኔ ፊቴን ዞር አድርጌ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሰሊ ‹ይኸው፣ ሳይገኝ አለቀ› አለች። ቶላም ‹አዎ፣ ጨካኝ መጨረሻ ነው› አለ።

ያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስሙን አልጽፍም፣ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ፣ ‹አባትየው እኮ ገዝቶላቸዋል› አለ።

‹የት አየህ?›

‹ብስክሌቱ ላይ። ከኋላ። ነጭ ለሱ፣ ቀይ ለሷ።›

እኛ አላየንም። መለስን። እውነት ነው። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ የአባትየው ብስክሌት ይታያል፣ ዕቃ ተጭኖበታል፣ ከዕቃው መሃል ሁለት ጥንድ ጫማ። ብልጭ ብሎ ነው የሚያልፈው። አሊ አያውቅም፣ ዛህራ አታውቅም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ (ቶላ) የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አላየነውም።

ሊስትሮ አይደል። መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው።

መምህር ከቦሳ · እሑድ፣ 6፡02

እኔም ሁለት ጊዜ ተመልክቼ አላየሁትም። ለካ ገዝቶላቸዋል።

ዝም ያለው · እሑድ፣ 7፡30

ከኋላ ቆሜ ነበር፣ ሰላም አላልኳችሁም። የሚቀጥለው መቼ ነው? ወንበር ማመላለስ እችላለሁ።

የመንደራው · እሑድ፣ ማታ 1፡10

አንተ ነህ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ? ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ና። ወንበሩን ግን ተወው፣ አይቀመጡበትም።

ምርጫውን ለራሳቸው ሰጥተናቸዋል። እጅ አውጥተው መረጡ። አርባ አንድ ለዜሮ፦ ጃኪ ቻን።

ጆኒ ባጃጅ · እሑድ፣ ማታ 1፡11

ብዬ ነበር!!!